ጅዳ ላይ ዝናብ ሲጥል፦ የሁለት ረቡዕ ታሪክ

የሳዑዲዋ ጅዳ ላይ ዝናብ ብርቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚጥለው ተደምሮ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ክረምት ለለመደ ሰው ይህ የጥቂት ቀን ዝናብ ነው። እሱም ቢሆን በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ በጥቂት ቀናት ተጠቃሎ ይመጣል። የቀረው ጊዜ ፀሐይ፣ ወበቅና አቧራ ነው።

ስለዚህ ሰማዩ ሲጠቁር ሰው ደስ ይለዋል። ልጆች ወደ ደጅ ይሮጣሉ። ቤተሰብ ተሰብስቦ መኪና ውስጥ ይገባና ወደ ኮርኒሹ፣ ወደ ባሕሩ ዳር ይነዳል። ወጣቶች ከከተማ ወጣ ብለው በረሃው ላይ ሻይ ያፈላሉ። «ከሽታ» ይሉታል። ዝናብ እዚያ ራህመት ነው፤ የፈጣሪ ምሕረት። ሲዘገይ ንጉሡ ራሳቸው የዝናብ ሶላት እንዲሰገድ ያውጃሉ። ጠብታው ሲጀምር ደግሞ የሚባል አጭር ዱዓ አለ፦ «አላሁመ ሰይበን ናፊዓ»። አምላክ ሆይ፣ የሚጠቅም ዝናብ አድርገው ማለት ነው።

«የሚጠቅም» የምትለዋ ቃል በከንቱ አልገባችም።

የምነግራችሁ ዝናቡ ጎርፍ ስለሆነባቸው ሁለት ረቡዕ ነው። የመጀመሪያው ኅዳር 16 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 25 ቀን 2009። ሁለተኛው ጥር 18 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 26 ቀን 2011። እንዳናምታታ ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እጠራቸዋለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው 14 ወር ብቻ ነው። በዚያ 14 ወር ውስጥ የከተማዋ ሰው ለዝናብ የነበረው ስሜት ተገለበጠ። ሲናፍቀው የኖረውን ነገር መፍራት ጀመረ።

ጅዳ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናት። ጉዳዩን ያነሳሁት በዚህም ምክንያት ነው። ደግሞ ስለዚያ ጎርፍ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው የሚሊ ሜትሩ ቁጥርና የባለሥልጣኑ ጥፋት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ እኔም አነሳቸዋለሁ። ልቤን የያዘው ግን ነዋሪው ነው። ውሃው ደጁ ላይ ሲደርስ ምን አደረገ?

የመጀመሪያው ረቡዕ

ቀኑ የሐጅ ሥርዓት የሚጀመርበት ነበር። ሐጃጁ ወደ ሚና እየተጓዘ ነው። የሁሉም ዓይን መካ ላይ ነው፤ መካ ደግሞ ከጅዳ ብትርቅ 80 ኪሎ ሜትር ነች። ጅዳ ውስጥ ትምህርት ቤት ለበዓሉ ተዘግቷል። ብዙ ሰው ቤቱ ነው። ይህ በኋላ እንደ ዕድል ተቆጠረ። ተማሪው መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ ይከብዳል።

ዝናቡ መጣ። በአራት ሰዓት ውስጥ ከ90 ሚሊ ሜትር በላይ ወረደ። የሁለት ዓመት የሚጠጋ ዝናብ በግማሽ ቀን ማለት ነው።

የአየሩን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። በዚያ ወቅት ከሱዳን ተነስቶ ቀይ ባሕርን ይዞ ወደ ሰሜን የሚዘረጋ ዝቅተኛ የአየር ግፊት አለ። ባሕሩ ገና ሞቃት ስለሆነ እርጥበት ይመግበዋል። ከሜዲትራኒያን በኩል ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ከላይ ይመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ደመናው ይቆለላል፤ ከዚያ በአንዴ ይዘረግፈዋል።

ሰው የጨረሰው ግን ከሰማይ የወረደው ብቻ አይደለም። ጅዳ በምዕራብ ባሕር፣ በምሥራቅ ተራራ አላት። ከተራሮቹ ወደ ባሕሩ የሚወርዱ ደረቅ ወንዞች አሉ፤ ዐረቦቹ «ዋዲ» ይሏቸዋል። ዓመት እስከ ዓመት ደርቀው ስለሚኖሩ ወንዝ አይመስሉም። አሸዋማ ሜዳ ነው የሚመስሉት። ከተማዋ ስትሰፋ ወደ ምሥራቅ ሄደች። ዋዲዎቹ ላይ ቦታ ተሸንሽኖ ተሸጠ። ገዢው ወረቀት ይዟል፤ ማኅተም አለበት። ቤት ሠራ። ሱቅ ተከፈተ፤ መስጊድ ቆመ። ውሃው ሲመጣ ግን የሚወርድበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ቁወይዛ የሚባለው ሰፈር እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ያለበት ዋዲ ዋዲ ቀውስ ይባላል። ከሳዑዲዎቹ ጋር ከብዙ አገር የመጡ ሠራተኞች ይኖሩበት ነበር። ከሁሉም ሰፈር የባሰ የተመታው እሱ ነው።

በአማርኛ «ደራሽ ውሃ» እንላለን። ለዚህ ነገር ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም። እናንተ ያላችሁበት ሳይዘንብ፣ ወይም ዝናቡ ጋብ ካለ በኋላ፣ ከላይ የዘነበው ድንገት ይደርሳል። የተራራው ድንጋይ ውሃ አይመጥም። የበረሃው መሬት ደርቆ ተጋግሯል። የሚያዘገየው ሣር የለም፤ የሚይዘው ዛፍ የለም። ስለዚህ ቶሎ ይሰበሰባል፤ ቶሎ ይወርዳል። ብቻውንም አይመጣም። ጭቃ፣ ድንጋይና መኪና እየገፋ ነው የሚመጣው።

ከሞቱት ብዙዎቹን ውሃው ያገኛቸው መኪና ውስጥ ነው። ይህን ጠጋ ብለን እንየው፤ የትም ብትኖሩ ይጠቅማችኋል። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወራጅ ውሃ ትንሽ መኪና ማንሳፈፍ ይጀምራል። 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ትልቁንም ይወስዳል። ሹፌሩን መጀመሪያ መሪው ይቀለዋል። ጎማው አስፋልቱን እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ሞተሩ ውሃ ይስብና ይጠፋል። ኤሌክትሪኩ ሲበላሽ መስኮቱ አልወርድ ይላል። በሩን ቢገፋው አይከፈትም፤ ውሃው ከውጪ ተደግፎበታል። ያኔ የቀረው መስኮት ሰብሮ መውጣት ነው። ለዚህ ያለው ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙው ሹፌር ያችን ጊዜ ሞተሩን ለማስነሳት ሲታገል ይጨርሳታል። መኪናው የስንት ዓመት ልፋቱ ነው። ጥሎት መውጣት አይሆንለትም። አልፈርድበትም።

በንጉሥ አብዱላህ መንገድ ላይ ያለው ዋሻ መንገድ ውሃ ሞላ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችና መኪኖች ተበላሹ። የሞቱት ከ120 በላይ ናቸው። በጊዜው እንደተነገረው ከእነሱ መካከል ለሐጅ የመጣ አልነበረም። የሞቱት እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

ገመድ ወገቡ ላይ ያሰረው ሰው

ስሙ ፈርማን ዓሊ ኻን ነው። ፓኪስታናዊ ነው፤ የስዋት ሰው። ቁወይዛ ውስጥ በሱቅ ሥራ ይተዳደር ነበር። የሦስት ሴት ልጆች አባት ነው።

ጎርፉ ሰው እየወሰደ ሲያልፍ ወገቡ ላይ ገመድ አሰረና ገባ። አንድ ሰው አወጣ። ተመለሰ። ሌላ አወጣ። እንዲህ እያለ 14 ሰው አዳነ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሊያወጣ ሲገባ ውሃው ወሰደው።

ስለዚህ ሰው ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ የመጀመሪያው መግባት አይደለም። የመጀመሪያው ላይ ሰው ሳያስብ ሊገባ ይችላል። ሁለተኛው፣ አምስተኛው፣ አሥረኛው ላይ ግን ውሃው ምን እንደሆነ አውቆታል። ክንዱ ዝሏል። ድንጋዩ መትቶት ሊሆን ይችላል። እያወቀ ነው የተመለሰው። በኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚኖር የሰው አገር ሰው ነው። ቤተሰቡ ሩቅ ነው። «ልጆች አሉኝ» ብሎ ቢቀር ማንም አይወቅሰውም ነበር።

ንጉሥ አብዱላህ በኋላ የንጉሥ አብዱልአዚዝን የአንደኛ ደረጃ ሜዳይ ሸለሙት። ጅዳ ውስጥ መንገድ በስሙ ተሰየመ። የገዛ አገሩም የጀግንነት ሽልማት ሰጠችው። ሽልማቱ ይገባዋል። ከሽልማቱ ጋር ግን አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ። ከ3 ሚሊዮን ሰው በላይ በሚኖርባት ሀብታም ከተማ፣ የ14 ሰው ነፍስ በአንድ ባለሱቅ ገመድ ላይ ለምን ተንጠለጠለ?

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። የጅዳ ሰው በዚያው ሰሞን አንስቶታል።

ውሃው ከሄደ በኋላ

ጭቃው ገና ሳይደርቅ ወጣቱ ተነሳ። ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ፣ ምግብ፣ ልብስ ተሰበሰበ። ወንዱም ሴቱም አንድ ላይ ዕቃ ሲለይ፣ ካርቶን ሲሞላና ሲጭን ሰነበተ። በ2009 ሳዑዲ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ማኅበር ለማቋቋም ፈቃዱ አስቸጋሪ ነበር፤ ወንድና ሴት በአንድ አዳራሽ መሥራታቸው ያስወቅስ ነበር። ጎርፉ ያንን ለጥቂት ሳምንታት አስረሳው። ብዙ የጅዳ ወጣት የበጎ ፈቃድ ሥራን የተማረው ያኔ ነው።

ቁጣውም መጣ። ፌስቡክ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰባስቦ «የፍሳሽ ገንዘቡ የት ገባ?» አለ። ጋዜጦቹም ከተለመደው በላይ ደፍረው ጻፉ። ነዋሪው መናደዱ አይፈረድበትም። የከተማዋ አብዛኛው ክፍል የፍሳሽ መስመር አልነበረውም። ቤቱ ጉድጓድ አለው። ሲሞላ ቦቴ መኪና ይጠራል፤ እዚያ «ዋይት» ይሉታል። ዋይቱ ፍሳሹን ይመጥጥና ከከተማዋ በስተምሥራቅ ሄዶ ይደፋዋል። እየተደፋ፣ እየተደፋ ሐይቅ ሆነ። ሰዉ «የሚስክ ሐይቅ» አለው። ሚስክ ማለት ሽቶ ነው።

ያ ሐይቅ ከከተማዋ ከፍ ብሎ፣ በግድብ ታግዶ ነው የተቀመጠው። ከጎርፉ በኋላ «ግድቡ ሊበጠስ ነው» የሚል ወሬ በሞባይል ዞረ። በዝናብ ውሃ የደነገጠ ሰው አሁን በፍሳሽ ሊጥለቀለቅ ነው። ግድቡ እንደ ተፈራው አልተበጠሰም። ሐይቁም በኋላ እንዲደርቅ ተደረገ። ግን እስኪደርቅ ድረስ ስንት ሌሊት በስጋት ታደረ? ይህ በየትኛውም የጉዳት ዝርዝር ላይ አይገኝም።

ንጉሥ አብዱላህ ጎርፉ ከደረሰ በቀናት ውስጥ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። የሚመሩት የመካ አካባቢ ገዥ ልዑል ኻሊድ አል ፈይሰል ነበሩ። ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ 1 ሚሊዮን ሪያል እንዲሰጥ ታዘዘ። ንጉሡ በትእዛዛቸው ላይ ከዚህ የባሰ ዝናብ አቅማቸው አነስተኛ የሆነ አገሮች ላይ እንደሚዘንብና እንዲህ ያለ ጥፋት እንደማያደርስ በግልጽ ጻፉ። ስህተት አለ ማለታቸው ነው። ለዚያ አገር ይህ ትልቅ ንግግር ነበር። ከዚያ በኋላ ባለሥልጣናትም ነጋዴዎችም ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ የተፈረደባቸውም አሉ።

ሰው ይህን ሰምቶ ተስፋ አደረገ። ሁለተኛውን ረቡዕ ያመረረው ይህ ተስፋ ነው።

ሁለተኛው ረቡዕ

ጃንዋሪ 26 ቀን 2011 በሦስት ሰዓት ገደማ 111 ሚሊ ሜትር ዘነበ።

ይኼኛው የሥራ ቀን ነበር። በዚያን ዘመን የሳዑዲ የዕረፍት ቀን ሐሙስና ዓርብ ነው። ስለዚህ ረቡዕ እንደ እኛ ዓርብ ነው፤ ሁሉም ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ለመሄድ የሚጣደፍበት። ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። ሴቶች መንዳት አይፈቀድላቸውም ነበር፤ የተፈቀደው በ2018 ነው። እንግዲህ አስቡት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ውስጥ ሹፌር ወይም አባት ትጠብቃለች። አስተማሪዋም ትጠብቃለች። እናት ቤት ሆና ስልክ ትደውላለች። አባት ውሃ የሞላው መንገድ ላይ ቆሟል። መኪናው ደጅ የቆመላት ቤተሰብ እንኳ ሹፌር ከሌለ ምንም ማድረግ አትችልም።

ብዙዎች በያሉበት አደሩ። ትምህርት ቤት ያደረ አለ፤ ቢሮ ያደረ አለ። በምሥራቅ በኩል የኡም አል ኸይር ግድብ ፈረሰና ውሃው ሰፈር ውስጥ ገባ። ሄሊኮፕተርና ጀልባ ሰው ለማውጣት ተሰማሩ።

በዚህኛው ረቡዕ ግን ነዋሪው ያው ሰው አይደለም። ከ14 ወር በፊት ተምሯል። ትዊተር ላይ ወዲያው መጻጻፍ ተጀመረ። የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ይነገራል። ውሃ የከበበው ሰው ያለበት ቦታ ይለጠፋል። ቤቱ ደረቅ የሆነ «ኑ፣ ቦታ አለ» ይላል። ትልልቅ መኪና ያላቸው ልጆች የማያውቁትን ሰው ሊያወጡ ሄዱ። የ2009ኙ በጎ ፈቃደኞች እንደገና ተጠራሩ፤ የት እንደሚሰበሰቡና ምን እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ።

የሞቱት አሥር ገደማ ናቸው ተባለ። ዝናቡ ከበፊቱ በልጦ ሳለ ሟቹ በብዙ አነሰ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ዝናቡ የበረታበት ቦታ ይለያያል፤ መንግሥትም ከበፊቱ ፈጥኖ ተንቀሳቅሷል። ቢሆንም ነዋሪው መማሩን ከሒሳቡ ማውጣት አይቻልም። ውሃ ሲያይ ወደ ዋሻ መንገድ ያልገባው ሹፌር፣ ወደ ላይኛው ፎቅ የወጣው ቤተሰብ፣ እንግዳ ያስገባው ጎረቤት በየትም አይመዘገብም። እኔ እቆጥራቸዋለሁ።

ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች አደባባይ ወጡ። በስልክ መልእክት ነው የተጠራሩት። ሳዑዲ ውስጥ ሰልፍ ክልክል ነው። ፖሊስ ብዙዎቹን ያዘ። የጠየቁት ግን ንጉሥ ይውረድ አልነበረም። የጠየቁት የውሃ መውረጃ ነው። ሰው የውሃ መውረጃ ለመጠየቅ እስር የሚደፍርበት ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ምን ያህል እንደተገፋ ማየት ነው።

ከዚያ ወዲህ

ከሁለተኛው ጎርፍ በኋላ ሥራው ለአራምኮ ተሰጠ። የነዳጅ ኩባንያው ማለት ነው። ነገሩ ያስገርማል፤ ግን አገሪቱ ውስጥ ትልቅ ሥራ በጊዜ ይጨርሳል ተብሎ የሚታመነው እሱ ነው። በከተማዋ ምሥራቅ፣ ዋዲዎቹ ላይ ግድቦች ተሠሩ። ውሃውን ወደ ባሕር የሚወስዱ ቦዮች ተቆፈሩ። በ2017 ደግሞ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ሲቋቋም የ2009ኙ ጎርፍ መዝገብ እንደገና ተከፈተ።

ፈተናው ኖቬምበር 24 ቀን 2022 መጣ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ በደቡብ ጅዳ 179 ሚሊ ሜትር ተለካ። ከሁለቱም ረቡዖች ይበልጣል። ትምህርት ቤት ተዘጋ። አውሮፕላን ዘገየ። የመካ መንገድ ለጊዜው ተዘጋ። መኪና ተንሳፈፈ፤ ሱቅ ውስጥ ውሃ ገባ። የሞቱት ሁለት ሰዎች ናቸው።

ሁለት ሰው ማለት ሁለት ቤተሰብ ነው፤ ቁጥሩን ለማሳነስ አይደለም። ግን 120ን ላየ ሰው ልዩነቱ የሚታይ ነው። ቀድሞ ትምህርት ቤት መዝጋት ብቻውን ስንት መኪና ከመንገድ ላይ እንዳስቀረ ማሰብ ይቻላል። ያም ሆኖ መሐል ከተማው እንደገና ተጥለቀለቀ። ግድቦቹ የተራራውን ውሃ ይዘዋል። ከተማዋ ላይ በቀጥታ የወረደውን ግን የሚውጠው በቂ ቱቦ አልነበረም።

የሰዉ ስሜት እስካሁን አልተመለሰም። ትንሽ ደመና ሲታይ ስልክ ይከፈታል፤ የአየር ትንበያው ይታያል። ነገ ትምህርት ቤት ይዘጋ ይሆን? ኮርኒሹ ላይ አሁንም የሚወጣ አለ፤ ልጆች አሁንም ይጨፍራሉ። አዋቂው ግን አንድ ዓይኑ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ወደ ተራራው። ዝናብ ሲበረታ የሚባል ሌላ ዱዓ አለ፦ «አላሁመ ሐዋለይና ወላ ዐለይና»። በዙሪያችን እንጂ በላያችን አይሁን ማለት ነው። ድሮ የመጀመሪያውን ዱዓ ብቻ ይል የነበረ ሰው፣ አሁን ሁለተኛውንም አያይዞ ይላል።

ጅዳ ቤት የምትከራዩ ካላችሁ አንድ ነገር አደራ። ምድር ቤትና ከመሬት በታች ያለ ክፍል ርካሽ ነው፤ ርካሽ የሆነው ግን በምክንያት ሊሆን ይችላል። ደላላውን አትጠይቁ። ሰፈሩ ውስጥ ረጅም ጊዜ የኖረ ባለሱቅ ፈልጉና በ2009፣ በ2011 እና በ2022 ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ጠይቁት። ግድግዳው ላይ በእጁ ያሳያችኋል።